ነጻ የጨረታ መዘርዘሪያ አነስተኛ ሻጭን ይጠቅማል?

ጥያቄ፦ በሜሪላንድ እኖራለሁ፤ የቆዩ የኢትዮጵያ ቴምብሮችን በኢንተርኔት ገበያው በኢቤይ ጨረታ እሸጣለሁ። የመዘርዘሪያ ክፍያ፣ ማለትም ዕቃን ለሽያጭ ለማውጣት የሚከፈለው፣ ለጊዜው በሚቀርበት ሰሞን ያለኝን ሁሉ ባወጣ ያዋጣኛል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ የሚተርፍዎ ገንዘብ ከሚያስቡት ያነሰ ነው። በአሜሪካ ኢቤይ፣ በድረ ገጹ ላይ የራሱን ሱቅ ያልከፈተ ሻጭም በየወሩ እስከ 250 ዕቃ ያለ መዘርዘሪያ ክፍያ ማውጣት ይችላል፤ ከዚያ በላይ ላለው በአብዛኛው ዘርፍ የሚከፍለው በአንድ ዕቃ 35 ሳንቲም ነው። ከባዱ ወጪ ዕቃው ሲሸጥ የሚቆረጠው ድርሻ ሲሆን፣ የሚሰላውም መላኪያውንና የሽያጭ ታክሱን ጨምሮ ገዢው በከፈለው ጠቅላላ ድምር ላይ ነው።

ይበልጥ የሚያሳስበኝ የገበያው መጨናነቅ ነው። ክፍያው ሲነሣ ሌሎችም ያከማቹትን ስለሚያወጡ ተመሳሳይ ቴምብሮች በአንድ ሰሞን ይደራረባሉ፤ በጨረታ ዋጋ የሚወጣው ደግሞ ቢያንስ ሁለት ፈላጊዎች በአንድ ዕቃ ላይ ሲፎካከሩ በመሆኑ፣ ተጫራቾቹ ከተበታተኑ ብርቅ የሆነው ዕቃ እንኳ በመነሻ ዋጋው ሊሄድ ይችላል። ብዙ ክምችት ያለው ነጋዴ ይህን ይችለዋል፤ እርስዎ ግን ያለዎትን አንድ ቴምብር በርካሽ ሰጥተው ምትኩን ላያገኙ ይችላሉ፣ ይህም በእውነት ያሳዝነኛል።

ስለዚህ በነጻው ሰሞን በቀላሉ የሚተኳቸውን ያውጡ። የዐፄ ምኒልክ ምስል ካለባቸው ከ1894 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያ ቴምብሮች መካከል በፖስታ በእርግጥ የተላኩትን ግን ገበያው እስኪረጋ ያቆዩአቸው፤ ሲያወጧቸውም ቢሸጡበት የማይቆጩበትን መነሻ ዋጋ ይጻፉ። ሻጩ ከዚያ በታች ላለመሸጥ ከተጫራቾች ሰውሮ የሚይዘው ዝቅተኛ የመሸጫ ዋጋ የራሱ ክፍያ አለው፤ ዕቃው ባይሸጥም ይከፈላል።