ጫካው ግጦሽ ሲሆን አፈሩ ምን ይሆናል? የጠየቃችሁኝና የመለስኩላችሁ

ባለፈው ሳምንት «አፈር ውስጥ ስለሚኖሩት ጥቃቅን ፍጥረታት የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ» ብያችሁ ነበር። አብዛኛው ጥያቄ ስለ አማዞን ሆኖ መጣ። ደስ ብሎኛል። ሥራዬ የአፈር ባክቴሪያ ነው። አማዞንን በእግሬ አልረገጥኩትም፤ ከዚያ የሚወጡትን ጥናቶች ግን ዓመታት ሙሉ ስከታተል ቆይቻለሁ። የተመሳሰሉትን ጥያቄዎች አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ።

ጥያቄ (ከአዳማ)፦ ጫካ ሲመነጠር ዛፉና አውሬው እንደሚጠፋ ይገባኛል። አፈሩ ግን እዚያው ነው። ባክቴሪያው ምን ይሆናል?

መልስ፦ አፈሩ እዚያው ነው፤ ኑሮው ግን ይለወጣል። አማዞን ውስጥ ባለችው የብራዚል ግዛት በሮንዶኒያ የተለመደው አሠራር እንዲህ ነው። መጀመሪያ የሚሸጠው ግንድ ይወጣል። የቀረው ይቆረጥና በደረቁ ወራት ይቃጠላል። ከዚያ ሣር ይዘራል፣ ከብት ይገባል።

ትልቁን ለውጥ የሚያመጣው አመዱ ነው። የአማዞን አፈር አብዛኛው አሲዳማ ነው። ዛፎቹ ዕድሜ ልካቸውን የሰበሰቡት ካልሲየም፣ ማግኒዚየምና ፖታሲየም በእሳቱ አመድ ሆኖ መሬት ላይ ይወርዳል። አሲዱ ይበርዳል። የእኛ ገበሬ አሲዳማ መሬቱን በኖራ እንደሚያክመው ማለት ነው። የአሲድ መለኪያው ፒ ኤች ይባላል፤ ፒ ኤች በአንድ ነጥብ ከፍ አለ ማለት አሲዱ በአሥር እጥፍ ቀነሰ ማለት ነው። አፈር ውስጥ የትኛው ባክቴሪያ እንደሚኖር ከሚወስኑት ነገሮች ደግሞ ከፒ ኤች የሚበልጥ ብዙም የለም። አሲድ የለመዱት ይመናመናሉ፤ ሌሎቹ ይበዛሉ። በዚህ ላይ ጥላው ሄዷል፣ የወደቀው ቅጠል ሄዷል፣ ሥሩ ተቀይሯል፣ ከብቱም መሬቱን ይረግጠዋል።

ጥያቄ (ከባሕር ዳር፣ የባዮሎጂ መምህርት)፦ ስለዚህ የባክቴሪያው ዓይነት ይቀንሳል ማለት ነው? ለተማሪዎቼ እንደዚያ ነው የማስተምረው።

መልስ፦ መምህርት፣ ይህ ጥያቄ ረዘም ያለ መልስ ይገባዋል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ሮንዶኒያ ውስጥ ኖቫ ቪዳ የሚባል ሰፊ የከብት እርባታ አለ። ግጦሾቹ መቼ መቼ እንደተመነጠሩ ይታወቃል፤ አንዱ እ.ኤ.አ. ከ1911 ጀምሮ ያለ ነው። ዕድሜው የታወቀ ግጦሽ ካልተነካ ጫካ ጎን ስለሚገኝ ለተመራማሪ እንዲህ ያለ ቦታ ትልቅ ሀብት ነው። ጆርጅ ሮድሪጌዝና ባልደረቦቹ ከዚያ አፈር ወስደው ባክቴሪያውን በዲ ኤን ኤ ለዩና እ.ኤ.አ. በ2013 አሳተሙት። ውጤቱ ያልተጠበቀ ነበር። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ከተቆጠረ የግጦሹ አፈር ከጫካው አፈር የበለጠ የባክቴሪያ ዓይነት ነበረው።

ታዲያ ግጦሽ ጥሩ ነው ማለት ነው? አይደለም። ከቦታ ቦታ ሲነጻጸር ነገሩ ተገለበጠ። ጫካ ውስጥ እዚህ ያለው አፈርና ራቅ ብሎ ያለው አፈር የየራሳቸው ነዋሪዎች አሏቸው። ግጦሹ ላይ ግን የትም ብትሄጂ ያው ነው። የጠፉት በጠባብ ቦታ ብቻ የሚኖሩት የጫካው ባክቴሪያዎች ናቸው። የበዙት የትም መኖር የሚችሉት ናቸው። አካባቢው በሙሉ ሲደመር ብዝኃነቱ ቀነሰ።

ለተማሪዎችሽ በእርሾ አስረጃቸው። የእያንዳንዱ ቤት እርሾ የየራሱ ጣዕም አለው፤ የእናትሽ እንጀራና የጎረቤቷ እንጀራ አንድ አይደለም። አሁን መንደሩ በሙሉ እርሾውን ደፍቶ ከአንድ ቤት ተበደረ እንበል። ያ እርሾ ከአንዳንዱ ቤት የድሮ እርሾ የበለጠ ብዙ ዓይነት ጥቃቅን ፍጥረት ሊይዝ ይችላል። አንድ ቤት ብቻ ገብቶ የሚቆጥር ሰው «ጨመረ» ይላል። መንደሩ ግን ሃምሳ ዓይነት እርሾ የነበረው አሁን አንድ ብቻ አለው። የኖቫ ቪዳም ነገር ይኸው ነው። አንድ ጉድጓድ ቆፍሮ «ብዝኃ ሕይወት ጨምሯል» የሚል ዘገባ ሳይ የምናደደውም ለዚህ ነው።

ጥያቄ (ከሲልቨር ስፕሪንግ)፦ በዓይን የማይታይ ባክቴሪያ ቢመሳሰል ምን ይጎዳል?

መልስ፦ ሚቴንን ብቻ ልንገርህ፤ ለሌላውም ምሳሌ ይሆንሃል። ውሃ የማይተኛበት የጫካ አፈር በአብዛኛው ከአየር ላይ ሚቴን ይወስዳል። ውስጡ ሚቴን እየበሉ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች አሉ። ሚቴን ደግሞ ምድርን በማሞቅ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ እጅግ የበረታ ጋዝ ነው። እዚያው ሮንዶኒያ ሲለካ፣ ጫካ ሆኖ ሚቴን ሲወስድ የነበረ መሬት ግጦሽ ከሆነ በኋላ ሚቴን የሚያወጣ ሆነ። ላሟ የምታገሳውን ሳይጨምር፣ አፈሩ ራሱ ማለቴ ነው። መሬቱ ሲረገጥ ይጠቀጠቃል፣ አየር አይገባውም፤ አየር በሌለበት ሚቴን የሚሠሩት ይበረታሉ። ለእኔ ይህ አሳሳቢ ነው። ዛፉ መቆረጡን ሳተላይት ያየዋል፤ ይህን ግን መሬት ላይ መሣሪያ ተክሎ የለካ ብቻ ነው የሚያውቀው።

ጥያቄ (ከዚያው ሰው)፦ ፈንገስስ?

መልስ፦ ፈንገሱም በጣም ይቀየራል። ብዙዎቹ ከዛፍ ሥር ጋር ተደጋግፈው ወይም የወደቀ እንጨትና ቅጠል እያበሰበሱ ነው የሚኖሩት። ዛፉ ሲሄድ ኑሯቸውም አብሮ ይሄዳል።

ጥያቄ (ከጅማ)፦ ግጦሽ አፈር ውስጥ ካርቦን ያከማቻል ሲባል ሰምቻለሁ። ውሸት ነው?

መልስ፦ ውሸት አይደለም። በደንብ የተያዘ ግጦሽ ሥሩ ብዙ ስለሆነ በአፈሩ ውስጥ ያለው ካርቦን ባለበት ሊቆይ፣ አንዳንዴም ሊጨምር ይችላል። ኖቫ ቪዳ ላይም ጭማሪ ታይቷል። ግን ሒሳቡን ሙሉ አድርጉት። ዛፉ ላይ የነበረው ካርቦን በጭስ ወጥቷል፤ ሣሩ ያንን አይተካውም።

ጥያቄ (ከነቀምቴ፣ ጡረታ የወጡ የግብርና ባለሙያ)፦ እዚያ የሚዘራው ሣር ከእኛ የሄደ ነው ይባላል። እውነት ነው ልጄ?

መልስ፦ ጋሼ፣ እውነትነት አለው፤ ሙሉውን ልንገርዎ። የብራዚል ግጦሽ በአብዛኛው ብራኪያሪያ የሚባል ሣር ነው፤ መነሻው አፍሪካ ነው። በብዛት የተዘራው ማራንዱ የሚባለው ዝርያ ከዚምባብዌ ነው የሄደው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ ግን ሰብሳቢዎች ምሥራቅ አፍሪካን ዞረው የብራኪያሪያ ናሙና ወስደዋል። ከእነዚያ አንዱ ከእርስዎ ከወለጋ የተወሰደ ነው። የብራዚሉ የግብርና ምርምር ድርጅት ኤምብራፓ ፒያታ ብሎ ለገበሬ አወጣው። ዛሬ የብራዚል ከብት ይግጠዋል።

ሣሩ በራሱ ክፉ አይደለም። ወለጋ ላይ ከብዙ ዓይነት ዕፅዋት ጋር ተቀላቅሎ ይኖራል። እዚያ ግን ለብቻው ሰፊ መሬት ሞላ። ከሥሩ የሚወጣው ምግብ በየቦታው አንድ ዓይነት ከሆነ የሚሰበሰብበት ባክቴሪያም መመሳሰሉ አይቀርም።

ጥያቄ (ከሪያድ)፦ ግጦሹ ቢተውና ጫካ ቢመለስ ባክቴሪያውም ይመለሳል?

መልስ፦ በከፊል አዎ። ኖቫ ቪዳ ላይ ተትቶ እንደገና ጫካ የሆነ መሬት ተመርምሯል። የባክቴሪያው ስብስብ ወደ ጫካው የመመለስ ምልክት አሳይቷል። ለእኔ ትልቅ ተስፋ ነው። ግን አንድ ነገር አትርሺ፤ ጫካው የተመለሰው ያልተመነጠረ ጫካ ጎን ሆኖ ነው። ዘሩም ባክቴሪያውም የሚመጣበት ቦታ አለው። ዙሪያው ሁሉ ግጦሽ ቢሆን ከየት ይመጣል?

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)፦ የእኛ አገር ደንስ? ይህ ውጤት ለእኛም ይሠራል?

መልስ፦ ቁጥሩን እንዳለ ማምጣት አይቻልም። የከፋና የያዩ ደን ደጋና ወይና ደጋ ላይ ነው፤ አፈሩም የአማዞን ዓይነት አይደለም። እኛ ጋ ደን ሲመነጠር ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚከተለው እርሻ ነው፤ እርሻ ላይ ማረስ አለ፣ ማዳበሪያም አለ። የሚሠራው አጠያየቁ ነው፤ «ስንት ዓይነት አለ?» ብቻ ሳይሆን «ከቦታ ቦታ ይለያያል ወይ?» ማለት። በደቡብ ጎንደር በየቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ የቀሩት ደኖች ለዚህ ጥያቄ ምን ያህል እንደሚመቹ ሳስበው ያጓጓኛል። አንዱ ደን ከሌላው በእርሻና በግጦሽ ተለያይቶ ነው የቆመው።

ጥያቄ (የማስተርስ ተማሪ፣ ሐዋሳ)፦ የመመረቂያ ሥራዬን በዚህ ላይ ልሠራ ነው። ናሙና ስወስድ ምን ልጠንቀቅ?

መልስ፦ ጎበዝ። ዋናው ነገር ርቀቱ ነው። ጫካውም ግጦሹም ላይ በአንድ ሜትር፣ በ10 ሜትርና በ100 ሜትር ርቀት ውሰድ። ከተቻለህ በኪሎ ሜትርም ድገመው። አለበለዚያ የመመሳሰሉን ነገር ጨርሶ አታየውም። የላዩን ቅጠል ጠርገህ እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ውሰድ፤ ጥልቀቱን ከቦታ ቦታ አትቀያይር። ከእያንዳንዱ ጉድጓድ በኋላ መሣሪያህን በአልኮል ጥረግ። ፒ ኤች መለካት እንዳትረሳ፤ ያለ እሱ ለውጡን የምታስረዳበት የለህም። ብዙዎች የሚቸኩሉበት አንድ ነገር አለ። ናሙናዎቹን አንድ ከረጢት ውስጥ አትቀላቅል። ወጪ ይቀንሳል፣ አውቃለሁ። ግን የምትፈልገው ልዩነቱን ነው። እያንዳንዱን ለየብቻ ከረጢት ውስጥ አድርግና ወዲያው በረዶ ላይ አስቀምጠው።