ለፍሬን ሸራ ገብቼ የዲስክም ክፈል ተባልኩ

ጥያቄ፦ መኪናዬን ጋራዥ ያስገባሁት የፊት ፍሬን ሸራ ለማስቀየር ብቻ ነበር። ማታ ልወስዳት ስሄድ ሁለቱም ዲስኮች (ፍሬን ሲያዝ ሸራው የሚጨብጣቸው ክብ ብረቶች) ተቀይረዋል፣ ሒሳቡም ከተነገረኝ ሦስት እጥፍ ሆኗል። ማንም አልደወለልኝም። ተበልቼ ነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ፍሬን ስትይዝ ብረት ከብረት የሚፋጭ ድምፅ ይሰማህ ነበር? ከነበረ ለመፍረድ አትቸኩል። ሸራው አልቆ ጀርባው ላይ ያለው ብረት ዲስኩን መፋቅ ከጀመረ፣ አዲስ ሸራ ብቻ መግጠም ገንዘብ መጣል ነው። ዲስክ ደግሞ ግራና ቀኙ አብሮ ነው የሚቀየረው።

ሳያስፈቅዱህ መሥራታቸው ግን ጥፋት ነው፣ እዚህ ላይ ጥብቅና አልቆምላቸውም።

አሁን ሳትጮህ «የወለቁትን ዲስኮች አሳዩኝ» በል። ጣትህን ከመሃል ወደ ጠርዙ እየሳብክ ዳስሰው፤ የማረሻ ፈር የመሰለ ቦይ ካለው ወይ ጠርዙ ላይ ከንፈር አውጥቶ ከሆነ ተበልቷል ማለት ነው። ብዙ ዲስኮች ላይ የሚፈቀደው ዝቅተኛ ውፍረት በሚሊሜትር ተቀርጿል፣ እሱን ፈልገህ ፊትህ ይለኩት። «ጥለነዋል» ካሉህ ብትጠረጥር አልፈርድብህም።

ከዚያ የዕቃና የእጅ ዋጋ ለየብቻ አስጽፍ። ለሸራው ሲባል ጎማው አንዴ ተፈትቷል፣ ስለዚህ ዲስኩ የሚጨምረው ሥራ ትንሽ ነው፤ ለሁለቱም ሙሉ የእጅ ዋጋ ከቆለሉብህ መደራደሪያህ እሱ ነው። ዕቃው ላይ ብዙም አይቀንሱልህም።

ለሚቀጥለው ቁልፉን ስታስረክብ «ከዚህ ሒሳብ ካለፈ ሳትደውሉልኝ አንድ ብሎን እንዳትነኩ» ብለህ ወረቀቱ ላይ አስፍር።