ደብተሩ ባዶ ነው፤ ልጁ ግን ምን ተማረ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የሁለተኛ ክፍል ተማሪ የሆነውን ልጃችንን ዘንድሮ «ልጅን ማዕከል ያደረገ ትምህርት እንሰጣለን» ወደሚል ትምህርት ቤት አዛውረነዋል። ደብተሩን ስገልጥ ከጥቂት ገጾች በስተቀር የተጻፈበት ነገር የለም። ዛሬ ምን ተማርክ ስለው «ቆርኪ ቆጠርን፤ ከዚያ ቀሃ ወንዝ ወረድን» ይለኛል። በሰጡን ካርድ ላይም ስንተኛ እንደወጣ አልተገለጸም። በልጅነታቸው ዳዊት የደገሙት አማቴ «ለጨዋታ ነው ገንዘብ የምትከፍሉት» እያሉ ይወቅሱናል። ወደ ቀድሞው ትምህርት ቤት ብንመልሰው ይሻል ይሆን?
እናት፣ ጎንደር፣ ከማራኪ

መልስ፦ የተከበሩ አንባቢያችን፣ ልጅዎን ከመመለስዎ በፊት ደብተር መሙላትንና መማርን ለይተን እንድንመለከት ይፍቀዱልኝ። አብዛኞቻችን ባደግንበት ክፍል ውስጥ መምህሩ ሰሌዳ ላይ የጻፈውን እንገለብጥ፣ የገለበጥነውን እናጠና፣ ያጠናነውንም በፈተና ቀን መልሰን እንጽፍ ነበር። በዚህ መንገድ የተሞላ ደብተር የሚመሰክረው ልጁ በትጋት መገልበጡን ነው፤ መረዳቱን ለማወቅ ግን ሌላ ማስረጃ መፈለግ ይኖርብናል።

ነገሩን በአንድ ስሌት ላሳይዎት። አንዲት የሁለተኛ ክፍል ልጅ ከ42 ላይ 17 ሲቀነስ ስንት ይቀራል ስትባል 35 ብላ ጻፈች እንበል። መልሱን ብቻ የሚያይ መምህር የስህተት ምልክት አድርጎበት ያልፋል፤ ልጅቷም ስህተቷን እንደያዘች ወደ ሦስተኛ ክፍል ትሻገራለች። ልጅን ማዕከል ያደረገ መምህር ግን «እንዴት አገኘሽው?» ብሎ ይጠይቃታል። እርሷም ከሁለት ላይ ሰባት ስለማይቀነስላት ገልብጣ ከሰባት ላይ ሁለት መቀነሷን፣ ከዚያም ከአራት ላይ አንድ መቀነሷን ትነግረዋለች። ይህች ልጅ ግድ የለሽ አይደለችም፤ የራሷ የሆነ ሕግ አውጥታ በታማኝነት ተከትላዋለች። መምህሩ አሁን አሥር አሥር ሆነው የታሰሩ አራት እስር እንጨቶችንና ሁለት ነጠላ እንጨቶችን አምጥቶ፣ 17 እንጨት እንድትሰጠው ይጠይቃታል። ሰባት ነጠላ ስለሌላት አንዱን እስር ትፈታለች፤ ነጠላዎቹ አሥራ ሁለት ይሆናሉ፤ ሰባቱን ስትሰጥ አምስት፣ አንድ እስር ስትጨምርለት ደግሞ ሁለት እስር ይቀራታል። ያኔ 25 የሚለውን ቁጥር በእጇ ይዛ ታየዋለች። ይህ ሁሉ ሥራ ሩብ ሰዓት ያህል ወስዶ ደብተሯ ላይ የሚያሰፍረው አንድ መስመር ብቻ ሊሆን ይችላል። ቆርኪው ለዚህ ዓይነት ሥራ የሚውል ከሆነ፣ የልጅዎ ደብተር ባዶ መሆኑ ሊያስጨንቅዎ አይገባም።

ወደ ቀሃ መውረዱም እንዲሁ የሚመዘነው ከመሄዳቸው በፊትና ከተመለሱ በኋላ በተሠራው ነው። ልጆቹ ይዘውት የሄዱት ጥያቄ ነበረ ወይ? ለምሳሌ ውኃው በፍጥነት የሚሄደው የት ላይ ነው፣ ዳርና ዳሩ ላይ የበቀለው ምንድን ነው፣ ቆሻሻው ከየት ይመጣል የሚል? ያዩትን ሳሉ፣ ጻፉ፣ ለጓደኞቻቸው አስረዱ ወይ? እንዲህ ከሆነ የአካባቢ ሳይንስ ትምህርት ነው። ወርደው ድንጋይ ወርውረው ከተመለሱ ግን አማትዎ እውነታቸውን ነው።

አማትዎን ካነሣን ዘንድ፣ እርሳቸው ያለፉበት ትምህርት ቤት ከዚህ አሠራር እጅግ የራቀ እንዳልነበር በአክብሮት ቢያስታውሷቸው እወዳለሁ። የኔታ ልጁን «ሀ ሁ» ካስቆጠሩ በኋላ «አቡጊዳ» ማስቆጠራቸው ያለ ምክንያት አልነበረም። ልጁ ፊደሉን በቅደም ተከተል እንደ ዜማ ሸምድዶት ሊሆን ስለሚችል፣ ቅደም ተከተሉ ሲለወጥ እያንዳንዱን ፊደል በመልኩ መለየቱ ይታወቃል። ቀድሞ የገባው ልጅ ኋላ የመጣውን በስንደዶ እየጠቆመ ያስቆጥረዋል፤ ይህም ዛሬ ልጅ ለልጅ መማማር የምንለው ነው። የቅኔ ትምህርት ቤት ደግሞ ከሁሉም ይልቃል። ዋሸራና ጎንጅ በቅኔ ቤትነት ስማቸው የሚጠራ አገሮች ናቸው፤ በቅኔ ጉባኤ ተማሪው ሁለት ቤት (ስንኝ) ባላት ጉባኤ ቃና ጀምሮ እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ ደረጃ በደረጃ ሲወጣ፣ የመምህሩን ቅኔ ሰምቶ ብቻ አያድርም፤ የራሱን ቅኔ ቆጥሮ፣ ማለትም ደርሶ፣ ለመምህሩ ይነግራል፣ ይታረማል፣ በማግስቱም ሌላ አዲስ ይቆጥራል። ተማሪው አሳቢ፣ መምህሩ አራሚና መሪ የሆኑበት ሥርዓት ነው። በእርግጥ በቃል መያዝም የዚያ ትምህርት ምሰሶ ነበር፤ እኔም የማባዛት ሠንጠረዥን በቃል መያዝን የሚንቅ ትምህርት ቤት አልወድም። ልጁ ስድስት ጊዜ ሰባት ለምን 42 እንደሆነ በጠጠር ደርድሮ ካየ በኋላ፣ በየጊዜው ጠጠር እንዳይፈልግ በቃሉ ሊይዘው ይገባል።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ነገር ልምጣ። ልጅን ማዕከል ያደረገ ትምህርት ማለት ልጁ ሁሉንም ነገር ራሱ ፈልጎ ያግኝ ማለት የሚመስላቸው ትምህርት ቤቶች አሉ፤ ይህ ብርቱ ስህተት ነው። 33ቱ ፊደላት ከነሰባት ድምፃቸው 231 ይሆናሉ፤ ማንም ልጅ በጨዋታ ብቻ ተመራምሮ አይደርስባቸውም። ፊደልና ድምፁ በግልጽ፣ በቅደም ተከተልና በየዕለቱ ልምምድ መማር አለበት። የአገራችን ችግር በዚህ በኩል ቀላል አይደለም፤ በ2002 ዓ.ም. በተለያዩ ክልሎች በተካሄደው የንባብ ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶ ያህሉ ከቀረበላቸው ምንባብ አንድ ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም ነበር። ስለዚህ ዛሬ ማታ ልጅዎ ከዚህ ቀደም አይቶት የማያውቀውን አጭር ጽሑፍ ይስጡትና ያስነብቡት፤ ከዚያም ያነበበውን በራሱ አነጋገር እንዲነግርዎ ያድርጉ። ከመማሪያ መጽሐፉ አይምረጡለት፤ በቃሉ ይዞት ሊሆን ይችላል። ፊደል እየዘለለ ወይም ሥዕሉን እያየ የሚገምት ከሆነ፣ ሳይውሉ ሳያድሩ መምህርቱን ያነጋግሩ፤ ንባቡን ለማጠናከር ምን እየሠራች እንደሆነም ይጠይቁ። በትክክል አንብቦ፣ የተረዳውንም ከነገረዎ ግን ልጁን ካለበት አያንቀሳቅሱት።

ደረጃን በተመለከተ፣ ከክፍሉ ሰባተኛ ወጣ መባል ልጁ ምን እንደሚችልና ምን እንደቀረው አይነግርዎትም፤ ሰባተኛነቱም በክፍሉ ውስጥ ባሉት ልጆች ጉብዝናና ድክመት ይለዋወጣል። ይልቁንም የሥራ ማኅደሩን፣ ማለትም የሠራቸው ሥራዎች ተሰብስበው የሚቀመጡበትን፣ ለማየት ይጠይቁ። በመስከረም የጻፈውንና በጥር የጻፈውን ጎን ለጎን አስቀምጦ ማሳየት የማይችል ትምህርት ቤት፣ ደረጃ አለመስጠቱን እንደ ብልጫ ሊቆጥረው አይገባም። የስድስተኛ ክፍል ክልላዊ ፈተናም ገና ሩቅ ነው፤ የፈተና አጠያየቅን መለማመድ ሲቃረብ የሚሠራ ሲሆን፣ የንባብና የስሌት መሠረት የሚጣለው ግን አሁን ነው።

ጥያቄ፦ በአዘዞ አካባቢ በሚገኝ የመንግሥት ትምህርት ቤት የሦስተኛ ክፍል መምህር ነኝ። በክፍሌ 67 ተማሪዎች አሉኝ። ሱፐርቫይዘሮች ሲመጡ ተማሪዎቹ በአንድ ለአምስት ቡድን መቀመጣቸውን ያያሉ፤ በእውነቱ ግን የሚሠራው የቡድኑ መሪ ብቻ ነው። ይህ የትምህርት ዘዴ ለሀብታሞች ትምህርት ቤት ብቻ የሚሆን አይደለምን?

መልስ፦ መምህር፣ የመጀመሪያውን ነገር በትክክል አይተውታል፤ ልጆችን በቡድን ማስቀመጥና ልጆችን ማዕከል ማድረግ አንድ አይደሉም። ጎበዙ ልጅ ሠርቶ ሌሎቹ የሚገለብጡበት ቡድን፣ ሰሌዳውን ከመገልበጥ የሚለየው የሚገለበጥበት ቦታ ብቻ ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ተከታታይ ምዘናን ሲያመጣ የታሰበው ለተማሪው የጎደለውን በጊዜ አይቶ ለመሙላት ነበር፤ በብዙ ቦታ ግን ወደ ተደጋጋሚ አጫጭር ፈተናና ወደ ቅጽ መሙላት ወርዷል።

ለሀብታሞች ብቻ ነው የሚለውን ግን አልቀበልም። ዛሬ ስሟ በውድ መዋዕለ ሕፃናት በር ላይ የሚጻፈው ማሪያ ሞንቴሶሪ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1907 ሥራዋን የጀመረችው በሮም ከተማ ሳን ሎሬንዞ በተባለ የድሆች ሰፈር፣ ወላጆቻቸው ሥራ ሲውሉ ጠባቂ ባልነበራቸው ልጆች ነው።

በ67 ልጆች መካከል አድካሚ መሆኑን አልክድም፤ ለዚህም ሁሉን በአንድ ጊዜ እንዲለውጡ አልመክርዎትም። በአንድ ለአምስት ከመመደብ ይልቅ በኮምባይንድ ዴስኩ ላይ ጎን ለጎን የተቀመጡትን ሁለት ሁለት አድርገው ያሠሯቸው፤ በሁለት ሰዎች ሥራ ውስጥ መደበቅ ያስቸግራል። ጥያቄ ሲጠይቁ እጅ እንዲያወጡ አይፍቀዱ፤ ጥቂት ጊዜ ዝም ብለው ያስቡ፣ ከዚያ ለጎረቤታቸው ይንገሩ፣ በመጨረሻም ስማቸው ከተጻፈባቸው ብጣሽ ወረቀቶች አንዱን አውጥተው የወጣለትን ይጠይቁ። ያን ጊዜ የኋላ ወንበሮችም ያስባሉ። መልሱን ሁሉም በአንድ ጊዜ ከፍ አድርገው የሚያሳዩበት ቁራጭ ካርቶንና ከሰል ቢኖራቸው፣ ማን እንዳልገባው በአንድ እይታ ያውቃሉ። ሌላው ልምምድ ሲሠራ በየቀኑ አራት ልጆችን ብቻ አጠገብዎ ጠርተው አስነብበው በአጭሩ ማስታወሻ ይያዙ፤ በ17 የትምህርት ቀናት ውስጥ ሁሉንም ያዳርሳሉ። ከእኔ ልምድ የምመሰክረው፣ እንዲህ ያለው ማስታወሻ ከወር ፈተና ይልቅ ስለ ልጁ ብዙ እንደሚነግር ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ የሚማርበት ትምህርት ቤት ጥፋተኛ ልጅ አይገረፍም፣ አይንበረከክም። እኛ በአለንጋ ነው የተማርነው። ልጆቹ መረን አይወጡም ወይ?
አባት፣ ጎንደር፣ ከፒያሳ

መልስ፦ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት በአካላቸው ከሚፈጸም ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ደንግጓል፤ ስለዚህ ትምህርት ቤቱ የሠራው ግዴታውን ነው። ያለ አለንጋ ሥርዓት የለም ማለት ግን አይደለም። ልጆቹ ከመምህራቸው ጋር ያወጡት የክፍል ደንብ ግድግዳ ላይ መለጠፉን፣ የሰበረ የሚጠግን፣ የበደለ ይቅርታ የሚጠይቅ፣ የረበሸም ያባከነውን ሥራ በዕረፍት ሰዓቱ የሚጨርስ መሆኑን ሄደው ይመልከቱ። ደንብ ከሌለ፣ ወይም ኖሮ ማንም የማያስከብረው ከሆነ፣ ለርእሰ መምህሩ ቅሬታዎን ለማቅረብ ሙሉ መብት አለዎት፤ ሲያቀርቡም አለንጋው ይመለስ ሳይሆን ደንቡ ይከበር ብለው ይጠይቁ።