ብሉስ ጁኒየርን ቮክስ ማስመሰል ይቻላል?

ጥያቄው የመጣው ከሳቢያን ሰፈር ነው። ድሬዳዋ ውስጥ ሰርግ ላይ የሚጫወት ጊታሪስት ዘመድ ከአሜሪካ የላከለት ፌንደር ብሉስ ጁኒየር የሚባል የጊታር አምፕሊፋየር (አምፕ) አለው። ልቡ ግን ቮክስ ኤሲ30 የሚባለው ሌላ አምፕ ላይ ነው። «ሁለቱም ኢኤል84 ቲዩብ ነው ያላቸው። ውስጡን ባስቀይረው ቮክስ አይሆንልኝም?» ይላል።

ወንድሜ፣ ስለ ቲዩቡ፣ ሲግናሉን ስለሚያጎላው አምፖል መሰል ዕቃ፣ ልክ ነህ። ያንተ ሁለት፣ ኤሲ30 ደግሞ አራት ኢኤል84 አላቸው። ግን ድምፁን ቲዩብ ብቻውን አያመጣውም። ብሉስ ጁኒየር ላይ ከስፒከሩ በኩል ጥቂት ሲግናል ወደ ኋላ እየመለሰ ድምፁን የሚገራ መስመር አለ፤ ኔጋቲቭ ፊድባክ ይባላል። ቮክስ ላይ ይሄ የለም። ስለዚህ ቮክስ ክሩን ጠበቅ አድርገህ በመታኸው ቁጥር ቀስ እያለ ይሻክራል። ያንተው እስከ አንድ ቦታ ጥርት ብሎ ይሄድና ድንገት ይሰነጠቃል። ይሄን ልዩነት ጣትህ ያውቀዋል። ኪቦርድና ድራም ባለበት ድንኳን ውስጥ ግን ሰርገኛው አይለየውም።

ትልቁ ነገር ስፒከሩ ነው። በ1962 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ ማርሻል የመጀመሪያ አምፑን ሲሠራ ቤዝማን የሚባለውን የፌንደር አምፕ ሰርኪት ከሞላ ጎደል እንዳለ ነው የወሰደው። ስፒከሩና ሳጥኑ፣ አንዳንድ ቲዩቡም ሲለያይ ግን ሌላ ድምፅ ወጣ። ስለዚህ ሰርኪቱን ተወው። ቦርዱ ላይ ብየዳ ማብዛት ያበላሸዋል፤ ካፓሲተሮቹም ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላ ከ300 ቮልት በላይ ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ። ሰው ይገድላል።

መጀመሪያ ብር የማያስወጣውን ሞክር። ማስተሩን እስከ 12 ክፈተው፣ ቮሊዩሙን መሻከር የሚጀምርበት ቦታ ላይ አቁመው። ፋት ማብሪያውን አጥፋ። ቤዙን 3 ላይ አውርደው፤ ሚዱን ግን አትቀንሰው፣ 7 አካባቢ ይሁን። ትሬብሉን በጆሮህ። ይሄ ካልበቃህ ከፊት ትሬብል ቡስተር፣ ቀጭኑን ድምፅ የሚያጎላ ፔዳል፣ ጨምር። የኩዊኑ ብራያን ሜይ ኤሲ30ን የሚገፋው በዚያ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ልጠይቅህ፣ መብራቱን ለክተህ ታውቃለህ? ከ220 ወደ 110 በሚያወርድ ትራንስፎርመር የምትጠቀም ከሆነ፣ ማታ ቬንትሌተሩ ሁሉ በርቶ መስመሩ 190 ሲወርድ አምፕህ የሚያገኘው 95 ቮልት ብቻ ነው። ድምፁ ይፈዛል፤ አንተ ጥፋቱን ፌንደር ላይ ታደርጋለህ። መጀመሪያ ጥሩ ስታቢላይዘር ይኑርህ።

ስፒከር የምትቀይር ከሆነ የሴለስቺን ብሉ የሚወደደው በምክንያት ነው፤ ያ ከላይ የሚያብረቀርቀው ድምፅ ከእሱ ነው። ግን ውድ ነው፣ አቅሙም 15 ዋት ነው፤ አምፕህም 15 ዋት ስለሆነ ሙሉውን ስትከፍተው መጠባበቂያ አይኖርህም። እኔ ብሆን 25 ዋቱን ግሪንባክ እገዛለሁ። ራሱ ቮክስም በግሪንባክ የሚያወጣው ኤሲ30 አለ።

ያገለገለ ካገኘህ አምፕህ የሚፈልገው 8 ኦም (ስፒከሩ ለኤሌክትሪክ ያለው ተቃውሞ) መሆኑን ሳታረጋግጥ ብር አትስጥ። ቴስተርህን ይዘህ ሂድ። 8 ኦሙ ሲለካ 6 ወይም 7 ያሳያል። 12 ወይም 13 ካነበብክ 16 ኦም ስለሆነ ላንተ አይሆንም።