ወጪ ጥሪን ጠልፎ መንገድ የሚያስቀይረው ሳጥን

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች። ሐዋሳ፣ ፍቅር ሐይቅ አካባቢ ባለ 14 ክፍል ፔንሲዮን አስተዳድራለሁ። አንድ መደበኛ መስመርና አነስተኛ ፒኤቢኤክስ (የክፍሎቹን ስልኮች እርስ በርስና ከውጭ መስመር ጋር የሚያገናኝ መሣሪያ) አለን። እንግዶች በአብዛኛው የሚያስደውሉት ወደ ሞባይል ስለሆነ አንድ ቴክኒሻን ሲም የሚገባበት ሳጥን አምጥቶ ከሪሴፕሽኑ ስልክ ጋር ገጠመልን። በ09 የሚጀምረውን ቁጥር ይዞ በሲሙ ያወጣል። ለሞባይል 0 ሳንጨምር በቀጥታ እንደውላለን፤ ለሌላው እንደ ድሮው መጀመሪያ 0 ተጭነን መስመር እንይዛለን። ከዚያ ወዲህ አንዳንዱ ጥሪ ሌላ ሰው ጋ ይገባል፣ አንዳንዱ ጭጭ ይላል፣ ይባስ ብሎ 907 አይወጣም። ችግሩ ሳጥኑ ነው ወይስ ሲሙ?

መልስ፦ ሁለቱም ደህና ሊሆኑ ይችላሉ። ከ907 እንጀምር፤ አምቡላንስ ስለሆነ ዛሬውኑ መስተካከል ያለበት እሱ ነው። መስመር ለመያዝ 0፣ ቀጥሎ 907 ሲጫኑ ሳጥኑ ያነበበው 0907 ነው። ለእሱ ይህ በ09 የጀመረ የሞባይል ቁጥር ነውና ቀሪዎቹን 6 አሃዞች ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ሲሰለቸው የተጎመደውን 0907 በሲሙ ይልከዋል፣ ኔትወርኩም አይቀበለውም። 991ም 994ም በዚሁ ወጥመድ ይወድቃሉ።

ይህ የሚሆነው ሳጥኑ የተጫኑትን ቁጥር ወዲያው ስለማያስተላልፍ ነው። ስልኩን ሲያነሱ የሚሰሙት የመደወያ ድምፅ የቴሌ ሳይሆን የራሱ የሳጥኑ ነው። እያንዳንዱ ቁልፍ ሁለት ድምፅ በአንድ ላይ ያሰማል፤ ለምሳሌ 5 ማለት 770 እና 1336 ኸርዝ ነው። ሳጥኑ እነዚህን እየሰማ አሃዞቹን ይመዘግባል፣ ከተሞላለት ሠንጠረዥ ጋር ያመሳክራል፣ ከዚያ ራሱ እንደ አዲስ ይደውላል። ሐሳቡ የቆየ ነው፦ አሜሪካ ውስጥ ትልቁ የስልክ ኩባንያ ኤቲ ኤንድ ቲ በ1984 እ.ኤ.አ. ከመከፋፈሉ በፊት በተፎካካሪ ኩባንያ ሩቅ አገር ለመደወል መጀመሪያ የኩባንያውን የአካባቢ ቁጥር፣ ቀጥሎ የደንበኛ ኮድ፣ በመጨረሻም የሚፈለገውን ቁጥር መጫን ያስፈልግ ነበር። ከ20 አሃዝ በላይ ነው። ያን ሁሉ በሰው ፈንታ የሚጫን ሳጥን የተሸጠው ለዚህ ነበር።

መፍትሔው ሳጥኑን ከሪሴፕሽኑ ስልክ ነቅሎ ከፒኤቢኤክሱ ማዶ ማስቀመጥ ነው። ከግድግዳ የሚመጣው የቴሌ ሽቦ ሳጥኑ ላይ ‹ላይን› የሚል ጽሑፍ ባለበት ይገባል፤ ‹ፎን› ከሚለው የሚወጣው ደግሞ ወደ ፒኤቢኤክሱ የውጭ መስመር ፖርት ይሄዳል። ያኔ መስመር መያዣዋን 0 ፒኤቢኤክሱ ውጦ ያስቀራታል፣ ሳጥኑ የሚያየው እውነተኛውን ቁጥር ብቻ ይሆናል። ለሞባይልም ለሌላውም አንድ ዓይነት፣ 0 አስቀድሞ መደወል ነው፤ የክፍሎቹም ስልኮች በሳጥኑ በኩል መደወል ይችላሉ። ሁለቱን ሽቦዎች ግን እንዳያምታቱ። ‹ፎን› ራሱ ኤሌክትሪክ የሚያወጣ ፖርት ነው፤ የቴሌው ሽቦ ደግሞ ስልኩ ሳይነሳ ወደ 48 ቮልት፣ ሲጠራ ከ75 እስከ 90 ቮልት ይሸከማል። ‹ፎን› ላይ ከተሰካ የመጀመሪያው ገቢ ጥሪ ሳጥኑን ሊያቃጥለው ይችላል። ለመለየት ሽቦዎቹን ከሳጥኑ አውጥታችሁ በተራ ስልክ ሞክሩ፤ የመደወያ ድምፅ ያለው የቴሌው ነው።

ቀጥሎ ሠንጠረዡ። ቴክኒሻኑ ‹09 በሲም› ብሎ ብቻ ትቶት ከሆነ ሥራው ገና ግማሽ ነው። በ9 የሚጀምር ባለ 3 አሃዝ በመደበኛ መስመር ይውጣ። 09፣ 10 አሃዝ ሲሞላ፣ በሲም። ሳፋሪኮም በ2015 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ 07ም አለና እሱም 10 አሃዝ ተብሎ ይግባ፤ በየትኛው ሲም እንደሚወጣ በታሪፍ ወስኑ። ብዙ ጊዜ የሚረሳው 00251 ነው። እንግዳ ስልኩ ላይ በ+251 የተመዘገበ ቁጥር አይቶ 00251 ብሎ ይጫናል፣ ሳጥኑም ውጭ አገር መስሎት ይዘጋበታል። ስለዚህ 002519 እና 002517 ሲመጡ 00251ን ቆርጦ በቦታው 0 እንዲተካና በሲም እንዲልክ እዘዙት። ሌላው 00 ይዘጋ ወይም በመደበኛው ይሂድ። የቀረው ሁሉ፣ 046ም 011ም 022ም፣ 10 አሃዝ ሲሞላ በመደበኛው። አንዳንድ ሳጥን ሠንጠረዡን ከላይ ወደ ታች ስለሚያነብ ረዥሙ መነሻ ከአጭሩ በላይ መቀመጥ አለበት፤ 00 ከ00251 በላይ ከተጻፈ የታችኛው አይነበብም።

አሁን ስለተሳሳተው ጥሪ። ሁለቱ ምልክቶች፣ ሌላ ሰው ጋ መግባትና ጭጭ ማለት፣ የአንድ በሽታ ሁለት መልክ ናቸው። ከ0912 ውስጥ 9 ሁለት ጊዜ ከተነበበች 09912 ትሆናለች። ሳጥኑ 10 አሃዝ ሞላልኝ ብሎ እርስዎ የመጨረሻውን ሳይጫኑ ይልካል፤ የማያውቁት ሰው ‹ሃሎ› ይላል። በተቃራኒው በ0911 ውስጥ ያሉት ሁለት 1 ተጣብቀው እንደ አንድ ከተነበቡ 9 አሃዝ ብቻ ይቀራል፣ አሥረኛውን ሲጠብቅ ጭጭ ይላል።

ምርመራው ቀላል ነው። አንዱን ቁጥር በእያንዳንዱ አሃዝ መሀል አንድ ሰከንድ እየጠበቁ ይደውሉ። በዝግታ በትክክል ከገባ ጥፋቱ ስልኩ ላይ የተመዘገበ ፈጣን መደወያ ወይም ድጋሚ መደወያ ነው፤ የእያንዳንዱን አሃዝ ድምፅም በመሀል ያለውን ዝምታም 100 ሚሊሰከንድ ያድርጉት። በዝግታም ከሳተ የስልኩ ቁልፍ ጎማ አልቋል ወይም የሽቦው መጋጠሚያ ዝጓል፤ ድምፁ መሀል ላይ ተቆራርጦ አንዱ ሁለት ይመስላል። ሳጥኑ የጥሪ መዝገብ ካለው የተጫኑትንና ያነበበውን ጎን ለጎን ማየት ክርክሩን ይዘጋዋል።

ገንዘብ የሚያስከፍሉ ነገሮች ደግሞ አሉ። ለእንግዳ በደቂቃ የምታስከፍሉ ከሆነ፣ የተደወለለት ሰው ሲያነሳ ሳጥኑ የመስመሩን ዋልታ (ፖዘቲቭና ኔጋቲቩን) ገልብጦ ለፒኤቢኤክሱ መንገር አለበት፤ ይህ ካልተስተካከለ ቆጣሪው ከመደወል ጀምሮ ይቆጥርና እንግዳው ላልተነሳ ስልክ ይከፍላል። ጠብ የሚነሳው እዚህ ላይ ነው። ጥሪው ሲያልቅም መስመሩን መልቀቅ አለበት፣ አለበለዚያ እስኪነቀል ድረስ ‹ተይዟል› ይላል። ሲሙ ፒን እንዳይጠይቅ ይደረግ። የፓኬጁ ቀን ሲያልፍ ወይም ሒሳቡ ሲያልቅ ሳጥኑ አያውቅም፣ ጥሪው ብቻ ይከሽፋል። አንድ ሲም በአንድ ጊዜ አንድ ሰው ብቻ ያናግራልና ሲሙ ሲያዝ ጥሪው ወደ መደበኛው መስመር እንዲፈስ ይሞላ። ተደዋዩ የሚያየው የ046 ቁጥራችሁን ሳይሆን የሲሙን ነው፤ መልሶ ሲደውል ሪሴፕሽን ላይ እንዲጠራ አድርጉ። ስልኩ ውስጥ ‹ዝዝዝ› የሚል ከተሰማ አንቴናውን ከፒኤቢኤክሱና ከሽቦዎቹ 2 ሜትር ያህል አርቁት።

መብራት ሲጠፋ ሳጥኑ መስመሩን በቀጥታ የሚያሳልፍ ሪሌይ (ራሱ የሚቀያየር ማብሪያ ማጥፊያ) እንዳለው ዛሬ ከሶኬት ነቅላችሁ ሞክሩ። ዝም ካለ ዩፒኤስ ግዙለት። ዕቃው በኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን የተፈቀደ ዓይነት መሆኑን ከሻጩ በወረቀት ጠይቁ፤ በቃል ‹የተፈቀደ ነው› ማለት ለማንም ቀላል ነው።

ጥያቄ፦ አቶቴ አካባቢ ኢንተርኔት ካፌ አለኝ። አንድ ሰው ይህንኑ የሚመስል፣ ግን 32 ሲም የሚይዝ ሳጥን ላስቀምጥልህ፣ ኢንተርኔትና መብራት ብቻ አንተ ቻል፣ በየወሩ እከፍልሃለሁ ይለኛል። ልቀበል?

መልስ፦ አይቀበሉ። ያኛው ሳጥን የእርስዎን ጥሪ አያወጣም፤ ከውጭ አገር በኢንተርኔት የመጣን ጥሪ የአገር ውስጥ አስመስሎ በሲም ያስገባል። ይህ በቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761/2004 በእስራት የሚያስቀጣ ነው፤ ዕቃው የተገኘው እርስዎ ቤት ሲሆን ደግሞ ‹የሰው ነው› ማለት ብዙ አያዋጣም።

ጥያቄ፦ ስደውል ጥሪዬ በሌላ በኩል የሚዞር ይመስለኛል። *#21# ብዬ አየሁ፣ ምንም የለም። እፎይ ልበል?

መልስ፦ ያ ኮድ የሚያሳየው ወደ እርስዎ የሚመጣ ጥሪ ወደ ሌላ ቁጥር መዞር አለመዞሩን ነው፤ ስለ ወጪ ጥሪ አንዳች አይናገርም። ከአንድሮይድ 10 ጀምሮ አንድ መተግበሪያ፣ እርስዎ ከፈቀዱለት፣ የሚደውሉትን ቁጥር ከመውጣቱ በፊት ሊቀይር ይችላል። ሴቲንግ ውስጥ ገብተው የመደወያው ነባሪ መተግበሪያ ስልኩ ይዞት የመጣው መሆኑን ይዩ፤ ያልጫኑት ወይም የረሱት የጥሪ መተግበሪያ ካለ ፈቃዱን ነጥቀው ያጥፉት። ከዚያ አጠገብዎ ወዳለ ሌላ ስልክ ይደውሉና ስክሪኑ ላይ የሚወጣው የራስዎ ቁጥር መሆኑን ያረጋግጡ።