«እኛ» ማለቱን ትተሽ «እኔ» በዪ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። የትርጉም ሥራ ብቻሽን ከጀመርሽ 8 ወርሽ ነው። ለደንበኛ ስትጽፊ «ቡድናችን» ትያለሽ፣ ዋጋ ስትናገሪ ድምፅሽ ይቀንሳል። ሐሙስ ደግሞ አንድ ትልቅ ድርጅት ሊያነጋግርሽ ነው። «ብቻዬን መሆኔን ካወቁ ይንቁኝ ይሆን? ራሴን ሆኜስ እንዴት በራሴ ልተማመን?» ብለሻል።

እኔ ግራፊክስ ዲዛይን ብቻዬን ስሠራ 9 ዓመት ሆኖኛል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ልክ እንዳንቺ «እኛ» እያልኩ ነው ያሳለፍኩት። ስለዚህ የደረሰብኝን ልንገርሽ።

አንድ ደንበኛ የምርቱን ማሸጊያ ካርቶን ዲዛይን እንዳደርግለት ጠየቀኝ። እስከዚያ ድረስ የሠራሁት ስክሪን ላይ የሚታይ ነገር ብቻ ነው፤ ለህትመት ሠርቼ አላውቅም። ሥራው እንዳያመልጠኝ ፈራሁና «ችግር የለም፣ የህትመት ባለሙያችን ያየዋል» ብዬ ጻፍኩለት። የህትመት ባለሙያ የሚባል ሰው አልነበረም።

ስክሪን ቀለም የሚፈጥረው ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ብርሃን እያደባለቀ ነው። ማተሚያ ማሽን ግን ሳያን፣ ማጀንታ፣ ቢጫና ጥቁር የሚባሉ አራት ቀለሞችን ወረቀት ላይ ያሳርፋል። ስክሪን ላይ ቦግ የሚል ሰማያዊ ወረቀት ላይ እንደዚያው አይወጣም። ይደበዝዛል፣ አንዳንዴም ወደ ወይን ጠጅ ይሄዳል። ይህን የተማርኩት ካርቶኑ ሁሉ ታትሞ ካለቀ በኋላ ነው። ደንበኛው ደወለልኝ። አልጮኸብኝም። «እስቲ ያንን የህትመት ባለሙያችሁን አገናኘኝ» ብቻ አለ።

ክው አልኩ። ትንሽ ቆይቼ «ሌላ ሰው የለም፤ እኔ ብቻ ነኝ» አልኩት።

የመለሰልኝን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። «ብቻህን መሆንህ ችግር አልነበረውም። ለህትመት ስትሠራ የመጀመሪያህ መሆኑን ብትነግረኝ ኖሮ ግን ቀድመን አንድ ናሙና አሳትመን እናይ ነበር» አለ። ፋይሉን በነፃ አስተካከልኩ፣ የድጋሚ ህትመቱን ወጪም ግማሹን ከፈልኩ። ከዚያ በኋላ ያ ሰው ሌላ ሥራ ሰጥቶኝ አያውቅም።

ያቺን ንግግር ብዙ ጊዜ አስቤባታለሁ። እኔ «እኛ» ያልኩት ትልቅ ለመምሰል ነው። እሱ ላይ የደረሰው ግን ሌላ ነገር ነው፤ እንዲጠነቀቅ የሚያስችለውን መረጃ ነፍጌዋለሁ። ከዚያ ወዲህ ራስን መሆን የሚባለውን ነገር የምለካው በዚህ ነው። ደንበኛዬ የሚገዛው ምን እንደሆነ፣ ማን እንደሚሠራው፣ የቱ ጋ ሊቸገር እንደሚችል በትክክል ያውቃል ወይ? ካወቀ እኔ እኔን ሆኛለሁ። አነጋገሬ ፈጣን ይሁን ዝግ ያለ፣ ተጫዋች ልሁን ቁጥብ፣ የራሴ ጉዳይ ነው።

አንድ ነገር ግን አደራ። እውነተኛ ልሁን ብለሽ የሆድሽን ሁሉ ለደንበኛ አትዘርግፊ። ሌሊት እንቅልፍ ማጣትሽ፣ ያለፈው ወር ሥራ መቀዝቀዙ፣ መፍራትሽ ለወዳጅ የሚወራ ነው። ለደንበኛ የሚነገረው ሥራውን የሚነካው ነው። «ይህን ዓይነት ሰነድ ተርጉሜ አላውቅም፤ ስለዚህ የዘርፉን ቃላት የሚያይልኝ ሰው እፈልጋለሁ፣ ሁለት ቀንም ይጨምራል» ማለት ይነካዋል። እንዲህ ያለ ነገር ስናገር ደንበኛ ይሸሻል ብዬ እፈራ ነበር። የሸሹም አሉ፣ አልዋሽሽም። የቆዩት ግን ሌላ ነገር «እችላለሁ» ስላቸው ያምኑኛል። «አልችልም» ስል ሰምተውኝ ያውቃሉና።

ስለ በራስ መተማመን የጠየቅሽውን በተመለከተ ደግሞ፣ መጀመሪያ ሲሰማሽ ጠብቀሽ ከዚያ ልትሠሪ አትሞክሪ። አልበርት ባንዱራ የተባለው የሥነ ልቦና ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1977 ሰው «እችለዋለሁ» የሚል እምነት ከምን እንደሚያገኝ ጽፎ ነበር። ከሁሉም የሚበረታው ምንጭ ራስሽ ሠርተሽ ያሳካሽው ነገር ነው ይላል። የሌላ ሰው ማበረታቻ ከዚያ ይደክማል። እኔም ያየሁት ይህንኑ ነው። አይዞህ ያሉኝ ሰዎች ሞራሌን የሚይዙልኝ ለአንድ ቀን ነበር። ለዚህ ብዬ አንድ ደብተር ያዝኩ። ሥራ በጨረስኩ ቁጥር ምን ከብዶኝ እንደነበርና እንዴት እንደፈታሁት ሁለት መስመር እጽፋለሁ። ከትልቅ ስብሰባ በፊት አንድ አሥር ገጽ አገላብጣለሁ። አንቺም በ8 ወር ውስጥ የሠራሽው አለ፤ ዛሬ ማታ ቁጭ ብለሽ ጻፊው።

«አንድ ቀን አለማወቄ ይጋለጣል» የሚለው ስሜትሽም ያንቺ ብቻ አይደለም። ፖሊን ክላንስና ሱዛን አይምስ የተባሉ ሁለት የሥነ ልቦና ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ1978 ይህንኑ ስሜት አጥንተው ጽፈዋል። ያነጋገሯቸው በትምህርትና በሥራ ስኬታማ የሆኑ ሴቶችን ነበር። ዲግሪውም ሽልማቱም እጃቸው ላይ እያለ «አታለልኩ እንጂ አይገባኝም» ይሉ ነበር። እኔ ይህን ሳነብ ቀለል አለኝ። ስሜቱ ስለ ችሎታዬ ማስረጃ እንዳልሆነ ገባኝ።

ዋጋ ላይ ስትደርሺ፣ ዋጋሽን ተናገሪና ዝም በዪ። ይህቺ ዝምታ ከባድ ናት። እኔ ዋጋ ተናግሬ ሰውየው ገና አፉን ሳይከፍት «ግን መቀነስ እንችላለን» እል ነበር። ማንም ሳይጠይቀኝ! አሁን ተናግሬ እጄን ጠረጴዛው ላይ አሳርፌ እጠብቃለሁ። በዛ ካሉ ዋጋውን ብቻ አልቀንስም፤ ከሥራውም አብሬ እቀንሳለሁ። «በዚህ ዋጋ የመጀመሪያዎቹን 20 ገጾች እሠራለሁ» ማለት ትችያለሽ። ያኔ ዋጋሽ ከሥራሽ ጋር የተያያዘ እንደሆነ ይገባቸዋል።

የሌሎች ተርጓሚዎችን የኢንተርኔት ገጽ እያየሽ አነጋገራቸውን መቅዳቱን ግን ተዪው። የሰው ወርቅ አያደምቅም። መልእክት ጽፈሽ ከመላክሽ በፊት ድምፅ አውጥተሽ አንብቢው። ለምታውቂው ሰው ፊት ለፊት የማትይው ቃል ካለ አውጪው።

ሐሙስን በተመለከተ፣ ስንት ሰው እንዳለሽ እስኪጠይቁሽ አትጠብቂ፤ አንቺው ቅደሚ። «ሥራውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የምሠራው እኔ ነኝ። በሳምንት የምችለው ይህን ያህል ገጽ ነው። ከዚያ ከበለጠ ቀኑን እናራዝማለን። ብታመም ወይም አንድ ነገር ቢገጥመኝ በዚያው ቀን አሳውቃችኋለሁ» በያቸው። ትልቅ ድርጅት ከብቸኛ ሠራተኛ ጋር ሲሠራ የሚያሰጋው ይኸው ነው፤ ሥራው መሀል ላይ ይቆም ይሆን የሚለው። የገጹን ቁጥር ዛሬውኑ በልኩ አስልተሽ ያዢ፤ ከፍ አታድርጊው። የምታምኚው ሌላ ተርጓሚ ካለም «ሲጨናነቅብኝ ትተካኛለህ?» ብለሽ እስከ ረቡዕ ጠይቂው። እሺ ካለሽ ያንንም ንገሪያቸው።

ምን እንዳሉሽ ጻፊልኝ፤ እጠብቃለሁ።