ከቤት የምትሠሩ፣ ጠይቁኝ፦ ወንበር፣ ጠረጴዛ፣ መብራት

ላለፉት ሰባት ዓመታት ሥራዬ ሰው ቤት ውስጥ ቢሮ ማደራጀት ነው። አብዛኛው ደንበኛዬ አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም የሚኖር፣ ሳሎኑ ጥግ ላይ ላፕቶፕ ዘርግቶ የሚውል ሰው ነው። ዛሬ ከሰዓት ነፃ ነኝ፣ ጠይቁ። አንድ ነገር ግን ቀድሜ ልበል፦ ምንም ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት ሜትር ግዙ።

ቤቴ ስቱዲዮ ነው። መስኮቱ ፊት ለፊቴ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ዓይኔ ይቃጠላል። ጠረጴዛዬን የት ላድርገው?

ቦታውን አትቀይሪ፣ ሩብ ዙር አዙሪው። መስኮቱ በጎንሽ ይሁን። ፊት ለፊት ሲሆን ዓይንሽ ከውጭው ብርሃንና ከስክሪኑ ጋር ይታገላል። ከኋላሽ ሲሆን ደግሞ ስክሪኑ መስታወት ይሆንብሻል፤ በቪዲዮ ስብሰባም ጥቁር ጥላ ሆነሽ ነው የምትታዪው።

መስኮትሽ ወዴት እንደሚያይ አልነገርሽኝም፣ ለውጥ አለው። ከኅዳር እስከ ጥር ፀሐይ በደቡብ በኩል አዘንብላ ነው የምታልፈው። ስለዚህ ወደ ደቡብ የሚያይ መስኮት ካለሽ በበጋው ጠዋትም ከሰዓትም ጠረጴዛሽ ላይ ትወጣለች። በሰኔ በሰሜን በኩል ታልፋለች፤ ያኔ ግን ደመናው ስለሚበዛ ብዙም አታስቸግርም። እኔ ምርጫ ሲሰጡኝ የሰሜኑን መስኮት ነው የምይዘው። ወደ ምዕራብ የሚያይ ከሆነ ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ መከራ ነው፤ ስስ ነጭ መጋረጃ ስቀይበት።

እህቴ፣ ገንዘቤ ለአንዱ ብቻ ነው የሚበቃው። ወንበር ልግዛ ወይስ ጠረጴዛ?

ወንበር። አታመንታ።

አንድ የሂሳብ ባለሙያ ቤት ሄጄ ነበር። የሚያብረቀርቅ ሰፊ ኤምዲኤፍ ጠረጴዛ አሠርቷል። የሚቀመጠው ግን የምግብ ጠረጴዛ ወንበር ላይ ነው፣ ትራስ ደራርቦበት። ሲጽፍ አየሁት፤ ትከሻው ጆሮው ጋ ሊደርስ ምንም አልቀረው። ጠረጴዛውን ለካሁት፣ 80 ሴንቲ ሜትር። አናጢው «ረጅም ስለሆኑ ከፍ አድርጌ ሠራሁልዎት» ብሎት ነበር አሉ። ያንኑ አናጢ ጠርተን እግሮቹን 8 ሴንቲ አስቆረጥናቸው። አሥር ደቂቃም አልፈጀ።

አንተም እንዲህ ለካ። ተቀመጥ፤ እግርህ መሬቱን ሙሉ በሙሉ ይርገጥ። ትከሻህን ልቀቅና ክንድህን እጠፍ። ክርንህ ከወለሉ ስንት ሴንቲ ነው? ኪቦርዱ መዋል ያለበት እዚያ ከፍታ ላይ ነው። ገበያ ላይ ያለው ጠረጴዛ አብዛኛው 75 ሴንቲ ገደማ ነው፤ ለብዙዎቻችን ትንሽ ይበዛል። የቤት ኪራይ ዕቃ ሆኖ እግሩን መቁረጥ ካልቻልክ ወንበሩን ከፍ አድርግና እግርህ ስር ዱካ አስገባ።

አዲስ የቢሮ ወንበር ከተወደደብህ ድርጅቶች ዕቃ ሲቀይሩ በጨረታ የሚያወጡትን ተከታተል። ስትገዛ ዝም ብለህ አምስት ደቂቃ ተቀመጥበት። ወንበሩ ቀስ እያለ ከወረደ ጋዙ አልቋል፣ ተወው።

ላፕቶፕ ብቻ ነው ያለኝ። አንገቴ ተገነጠለ።

ላፕቶፑን መጻሕፍት ላይ ከፍ አድርገው፤ የስክሪኑ የላይኛው ጠርዝ ከዓይንህ ጋር ይስተካከል። ርቀቱ የክንድህን ያህል ይሁን። ለብቻው ኪቦርድና ማውስ መግዛት ግድ ነው፣ ማምለጫ የለውም። በየ20 ደቂቃው ደግሞ ስድስት ሜትር ያህል የራቀ ነገር ለ20 ሰከንድ እይ። ፊት ለፊት ያለው ብሎክ ላይ የተሰጣ ልብስም ይሆናል።

ስብሰባ መሃል መብራት ድርግም ይላል። ጀነሬተር ደግሞ የሕንፃው ኮሚቴ አይፈቅድም።

ኮሚቴው ልክ ነው። አንተም ጀነሬተር አያስፈልግህም፤ ባትሪና የባትሪውን ኃይል ለቤት ዕቃ እንዲሆን የሚቀይር ኢንቨርተር ይበቃሃል። አብረን እናስላ። ላፕቶፕ 60 ዋት ገደማ፣ ራውተር 10፣ አንድ ኤልኢዲ አምፖል 10፤ ድምሩ 80 ዋት። ባለ 12 ቮልት፣ 100 አምፒር-ሰዓት ባትሪ በወረቀት 1,200 ዋት-ሰዓት ይይዛል። የአሲድ ባትሪ ከሆነ ከግማሽ በታች ማውረድ ዕድሜውን ስለሚያሳጥር 600 ብለህ ያዝ። ኢንቨርተሩም የራሱን ይበላል፣ 500 ቀረህ። ለ80 አካፍለው፤ ስድስት ሰዓት ገደማ ነው። ለአንድ የሥራ ከሰዓት በቂ ነው።

የመኪና ባትሪ አትግዛ፤ ለሶላር የሚሆነውን ጠይቅ። አልጋ ስር አታስቀምጠው፣ አየር ይፈልጋል። ቤተሰቡን ደግሞ አስጠንቅቅ፦ የእንጀራ ምጣድ ብቻውን ከ3,000 ዋት በላይ ይጎትታል፤ አንድ ቀን አንዱ ረስቶ ከሰካው ኢንቨርተሩን ደህና ሁን በለው። የሰፈሩ መብራት ሲሄድ ኢንተርኔቱም አብሮ የሚሄድበት ጊዜ ስላለ ስልክህ ላይ የሌላ ኩባንያ ሲም ይኑር።

በክረምት ጠዋት ጣቴ ደንዝዞ መጻፍ ያቅተኛል። ከሰል አያይዤ አጠገቤ ባደርግስ?

በፍጹም! በተዘጋ ክፍል ከሰል ይገድላል። የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ ራስህን ያምሃል፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ይልሃል፣ ከዚያ አትነቃም። ጋቢህን ደርብ። እግርህ ስር ወፍራም ምንጣፍ አንጥፍ፤ ብርዱ የሚገባህ ከሴራሚኩ ነው።

ድምፄ ያስተጋባል ይሉኛል። የእንቁላል ካርቶን ግድግዳው ላይ ልለጥፍ?

አትልፊ። ወፍራም መጋረጃ፣ ምንጣፍ፣ ሙሉ የልብስ ወይም የመጽሐፍ መደርደሪያ ይሻላል። ቸኩለሽ ከሆነ ከፊትሽ ብርድ ልብስ ስቀይ፤ ማንም አያየውም። የጎረቤትን ጩኸት ግን ይኼ አያስቀረውም፤ ለእሱ ማይክ ያለው ጆሮ ማዳመጫ ነው።

ከዋሽንግተን ሰዎች ጋር ነው የምሠራው። ማታ ማታ ነው ሥራዬ፣ ከዚያ እንቅልፍ እምቢ ይለኛል።

እዚያ ጠዋት 3 ሰዓት ሲሆን እዚህ በእነሱ በጋ ከቀኑ 10፣ በክረምታቸው 11 ሰዓት ነው። ስለዚህ የምትጨርሺው እኩለ ሌሊት ወይም ከዚያ አልፎ ነው። ጣሪያ ላይ ያለውን ነጭ አምፖል አጥፊውና ቢጫ የጠረጴዛ መብራት ወደ ግድግዳው አዙረሽ አብሪ። ጨለማ ውስጥ ግን ስክሪን ብቻ አትዪ። አልጋ ላይ ሆነሽ የምትሠሪ ከሆነ ይኼ ሁሉ ምክር ከንቱ ነው።

እኔ እናት ነኝ ልጄ። ልጄ ክፍሉን ዘግቶ ነው የሚሠራው። ቡና ሳፈላ ልጥራው ወይስ ልተወው?

እማማ፣ የዛሬው ምርጥ ጥያቄ የእርስዎ ነው። ይጥሩት። ግን ከልጅዎ ጋር አንድ ምልክት ይያዙ፦ ስብሰባ ላይ ሲሆን በሩ እጀታ ላይ ነጠላ ያንጠልጥል። ነጠላ ካለ ዝም፣ ከሌለ አንኳኩ። ሲኒውን ግን ይዘውለት አይግቡ። ላፕቶፕ ላይ የተደፋ ቡና ስንቱን አስለቅሷል። ደግሞም ጠዋት ከተቀመጠበት ገና አልተነሳም። እርስዎ ረከቦቱ ጋ ይቀመጡና አቦሉን ይቅዱ፤ ሽታው ሲደርሰው ራሱ ይመጣል።